ቱርክና ጎረቤቶቿ
(በሬዲዮ ከተነገረ ንግግር የተወሰደ)



የአንድን መንግሥት የውጭ ፖለቲካ ለመመርመር የሚሻ ሰው ብዙ ጊዜ «ይህ መንግሥት ምን ይመኛል?» ብሎ ይጠይቃል። መልካም ጥያቄ ነው። ነገር ግን ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህ መንግሥት ምን ይፈራል?» የሚለው ነው። ምኞት ከሹም ጋር ይመጣል፥ ከሹም ጋር ይሄዳል። ፍርሃት ግን ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ በትምህርት ቤት ይነገራል፥ በሕግም ይጻፋል። ዛሬ ስለ ቱርክና ስለ ጎረቤቶቿ የምንናገረውን ነገር በዚህ አኳኋን ብንመለከተው ምሥጢሩ ይገለጥልናል። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን የአገሩን አቀማመጥ እንመልከት። ቱርክ በየብስ ከስምንት አገሮች ጋር ትዋሰናለች። በምዕራብ ግሪክና ቡልጋርያ፥ በሰሜን ምሥራቅ ጆርጅያና አርመን፥ ናኽቺቫን በሚባለው ወረዳ በኩል አዘርባይጃን፥ በምሥራቅ ኢራን፥ በደቡብ ኢራቅና ሶርያ ናቸው። በሰሜን ጥቁር ባሕርን ተሻግሮ ሩስያ አለች። ከጥቁር ባሕር ወደ ሜዲቴራንያን የሚወጣ መርከብ ሁሉ ቦስፎርና ዳርዳኔል በሚባሉት በሁለቱ ጠባብ መተላለፊያዎች ማለፍ ግድ ይሆንበታል። ቦስፎር በጠበበበት ስፍራ ስፋቱ 700 ሜትር ያህል ብቻ ነው። የእንዲህ ያለ በር ባለቤት የሆነ መንግሥት ጎረቤቱ ብቻ ሳይሆን የሩቁም ኃያል ዓይኑን ይጥልበታል።

የኦቶማን መንግሥት በኃይሉ ዘመን ለዚህ ነገር ብዙም አይጨነቅም ነበር። ሱልጣን መሐመድ ሁለተኛ በ1453 ዓ. ም. ቁስጥንጥንያን ከያዘ በኋላ ሁለቱ መተላለፊያዎች በአንድ መንግሥት እጅ ገቡ። የልጅ ልጁ ሱልጣን ሰሊም በ1514 ዓ. ም. የፋርሱን ሻህ እስማኤልን በቻልድራን ሜዳ ድል አደረገ፤ በ1516 እና በ1517 ዓ. ም. ደግሞ ሶርያንና ግብጽን ያዘ። የቱርክ ጦር ቀይ ባሕርን ይዞ ወርዶ በ1557 ዓ. ም. ምጽዋን የያዘው በዚሁ የመስፋፋት ዘመን ነበር።

ሆኖም በዚያ የኃይል ዘመን እንኳ እስከ ዛሬ የጸና ነገር የተገኘው በጦር ብቻ አልነበረም። ቱርክና ፋርስ ከመቶ ዓመት በላይ ባግዳድን ሲነጣጠቁ ኖረው፥ ሁለቱም በደከሙ ጊዜ፥ በ1639 ዓ. ም. የዙሐብ ውል የሚባለውን ተፈራረሙ። አንደኛው ባግዳድን አስቀረ፥ ሌላው ኤሬቫንን አስቀረ። ከዚያም በኋላ ብዙ ጦርነት ተደርጓል፤ ነገር ግን ዛሬ ቱርክን ከኢራን የሚለየው ድንበር በአብዛኛው ያንኑ የ1639 ዓ. ም. መስመር የተከተለ ነው። ይህን ነገር በልባችን ይዘን እንለፍ፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ከዚያ ወዲያ የማሽቆልቆል ዘመን መጣ። በ1683 ዓ. ም. በቪየና በር ላይ የተሸነፈው ጦር በ1699 ዓ. ም. በካርሎዊትዝ ውል ሀንጋርያን ለቀቀ። በ1774 ዓ. ም. በኩቹክ ካይናርጃ ውል ሩስያ በጥቁር ባሕር የመርከብ መብት አገኘች፤ ይህንኑም ውል መሠረት አድርጋ ስለ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች የመናገር መብት አለኝ ማለት ጀመረች። በ1783 ዓ. ም. ክሪምያን ወሰደች። ግሪክ በ1830 ዓ. ም. ነጻ መንግሥት ሆነች። ከ1877 እና ከ1878 ዓ. ም. ጦርነት በኋላ ሰርብያ፥ ሞንተኔግሮና ሮማንያ ሙሉ ነጻነት አገኙ፤ ካርስ፥ አርዳሃንና ባቱም ለሩስያ ሆኑ፤ ቆጵሮስም በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ገባች። በ1881 ዓ. ም. የመንግሥቱን ዕዳ የሚሰበስብ፥ የውጭ አገር አበዳሪዎች የሚመሩት መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ የጨው፥ የትምባሆና የሌላም ግብር ገቢ በቀጥታ ወደዚያ ይገባ ነበር። የገንዘብ ሚኒስቴር ሥራ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው፥ ገቢውን ባዕድ የሚቈጥርበት መንግሥት ምን ዓይነት መንግሥት እንደ ሆነ ለመገመት አይቸግረውም።

የዚህ ሁሉ መንገድ አንድ ዓይነት ነበር። በመጀመሪያ አንድ ኃያል መንግሥት በቱርክ ግዛት ለሚኖር አንድ ወገን ጠበቃ ይሆናል፤ ቀጥሎ ለዚያ ወገን የአስተዳደር ማሻሻያ ይጠየቃል፤ ማሻሻያውም በተስፋ ይቀራል፤ በመጨረሻ ዐመፅና ጦርነት ይነሣል፥ አንድ አገር ይከፈላል። ከተከፈለውም አገር እስላሞቹ ተሰደው ወደ አናቶልያ ይገባሉ። በ1912 እና በ1913 ዓ. ም. በተደረገው የባልካን ጦርነት ቱርክ በአውሮፓ ከነበራት መሬት አብዛኛውን አጣች። ኋላ የቱርክ ሪፑብሊክ መሥራች የሆነው ሙስጠፋ ከማል የተወለደባት የሰሎንቄ ከተማ እንኳ ያን ጊዜ በግሪኮች እጅ ገባች። አዲሲቱን ቱርክ ከመሩት መኰንኖች ብዙዎቹ የተወለዱበትን ቤት በካርታ ላይ በሌላ መንግሥት ቀለም ተቀብቶ የሚያዩ ሰዎች ነበሩ።

ይህ ፍርሃት ያስከተለው ጥፋትም ሳይነገር ሊቀር አይገባውም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፥ ከ1915 ዓ. ም. ጀምሮ፥ የኦቶማን መንግሥት መሪዎች የአናቶልያን አርመኖች ከሩስያ ጋር ያብራሉ በማለት ከየአገራቸው አፈለሱ። በጉዞና በግድያ ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች፥ ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉትም አንድ ሚሊዮን ያህል ሰዎች አለቁ። ብዙ መንግሥታትና አብዛኞቹ የታሪክ ሊቃውንት ይህን የዘር ማጥፋት ብለው ይጠሩታል፤ የቱርክ መንግሥት ይህን ስም አይቀበልም። ቱርክ ከአርመን ጋር ያላትን ነገር ይህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ያከብደዋል።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር ደርሰናል። የኦቶማን መንግሥት በጦርነቱ ተሸንፎ በጥቅምት 1918 ዓ. ም. በሙድሮስ የጦር ማቆም ውል ከፈረመ በኋላ፥ ድል አድራጊዎቹ በነሐሴ 10 ቀን 1920 ዓ. ም. በፓሪስ አጠገብ በሴቭር ከተማ ውል አስፈረሙ። በዚህ ውል መተላለፊያዎቹ በዓለም አቀፍ ኮሚሲዮን እጅ ይሆናሉ፤ ኢዝሚርና አካባቢዋ በግሪክ አስተዳደር ሥር ይገባሉ፤ በምሥራቅ ነጻ የአርመን መንግሥት ይቆማል፤ ለኩርዶች የውስጥ አስተዳደር፥ ኋላም ነጻነት ሊሰጣቸው ይችላል፤ የመንግሥቱን ገንዘብ እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ ይቈጣጠራሉ። በውሉ ላይ የፈረሙት በቁስጥንጥንያ በባዕድ ጦር መካከል የተቀመጠው ሱልጣን የላካቸው ሰዎች ነበሩ። ጦርና ሕዝብ የነበረው፥ በሚያዝያ 1920 ዓ. ም. በአንካራ የተሰበሰበው ሸንጎ ግን አልተጠየቀም፤ ሸንጎውም የፈረሙትን ሰዎች ከሐዲዎች ብሎ ውሉን ናቀ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። በ1906 ዓ. ም. እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ ዳግማዊ ምኒልክ ሳይካፈሉበት ስለ አገራችን የጥቅም ክፍያ ተዋውለው ነበርና። ባለ ቤቱ በሌለበት ስለ ቤቱ የተደረገ ውል እንዴት ያለ ቊስል እንደሚተው እናውቃለን።

የሴቭር ውል አንድ ቀን እንኳ በሙሉ ሥራ ላይ አልዋለም፤ ነገር ግን በቱርኮች ልብ ውስጥ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይኖራል። ሙስጠፋ ከማል ውሉን ያፈረሰበት መንገድም ትምህርት የሚሰጥ ነው። ሁሉንም ጠላት በአንድ ጊዜ አልገጠመም። በመጋቢት 1921 ዓ. ም. በሞስኮ፥ በጥቅምትም በካርስ ከሶቪየቶች ጋር ተዋውሎ የምሥራቁን ድንበር ዘጋ። በዚያው ጥቅምት ከፈረንሳይ ጋር ተስማምቶ የደቡቡን አሳረፈ። ከዚህ በኋላ ኃይሉን ሁሉ ወደ ምዕራብ መልሶ በመስከረም 1922 ዓ. ም. ኢዝሚር ገባ።

በሐምሌ 24 ቀን 1923 ዓ. ም. በስዊስ አገር በሎዛን የተፈረመው አዲስ ውል ከሴቭር የሚለየው በዚህ ነው፤ የአንካራው መንግሥት መልእክተኛ ኢስመት ፓሻ ከእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከሎርድ ከርዘን ጋር እኩል ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቱርክ የዐረብ አገሮችን፥ ቆጵሮስንና የቀድሞዋን ግዛት ሁሉ እርግፍ አድርጋ ተወች። በምትኩ ለውጭ አገር ሰዎች የተሰጠው ካፒቱላሲዮን የሚባለው ልዩ የዳኝነት መብት ተሻረ፥ አገሯም ሳይከፈል ቀረ። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። በዚያው ዓመት በጥር በተፈረመው ስምምነት መሠረት 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ያህል ኦርቶዶክሶች ከቱርክ ወደ ግሪክ፥ 400 ሺህ ያህል እስላሞች ከግሪክ ወደ ቱርክ እንዲዛወሩ ተደረገ። ከእነዚህም ብዙዎቹ የሚሄዱበትን አገር ቋንቋ እንኳ አያውቁም ነበር። መንግሥታቱ በጠረጴዛው ዙሪያ ነበሩ፤ ሕዝቡ ግን አልተጠየቀም።

ከዚህ በኋላ ያሉት አሥራ አምስት ዓመታት ቱርክ ከጎረቤቶቿ ጋር በሰላም የኖረችበት ዘመን ነው። በ1926 ዓ. ም. ከእንግሊዝና ከኢራቅ ጋር በአንድነት ተፈራርማ ሞሱልን ለኢራቅ ተወች፤ በምትኩም ኢራቅ ከነዳጅ ዘይት ከምታገኘው ገቢ ከመቶ 10 እጅ ለ25 ዓመት እንዲሰጣት ተስማማች። በ1930 ዓ. ም. የግሪኩ ጠቅላይ ሚኒስትር ቬኒዜሎስ፥ ያ በ1919 ዓ. ም. ጦሩን ወደ ኢዝሚር የላከው ሰው፥ ራሱ ወደ አንካራ መጥቶ የወዳጅነት ውል ፈረመ። በ1934 ዓ. ም. ከግሪክ፥ ከዩጎዝላቭያና ከሮማንያ ጋር የባልካን ቃል ኪዳን ተደረገ፤ በ1937 ዓ. ም. ከኢራን፥ ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን ጋር የሳዳባድ ቃል ኪዳን ተፈረመ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በሐምሌ 20 ቀን 1936 ዓ. ም. በሞንትረ ከተማ የተደረገው ስለ መተላለፊያዎቹ የሚናገር ውል ነው። የጊዜውን ሁኔታ እናስታውስ። ኢጣልያ የመንግሥታት ማኅበር ባልደረባ የሆነችውን ኢትዮጵያን በግፍ ወርራ በግንቦት አዲስ አበባ ገብታለች፤ ማኅበሩም ሊያድናት አልቻለም። ሂትለር በመጋቢት ውል አፍርሶ ጦሩን ወደ ራይን ወንዝ አስገብቷል። ቱርክ የኢትዮጵያን ዕጣ ተመልክታ ያለ መሣሪያ የተተዉት መተላለፊያዎች እንደሚያሠጓት ተረዳች። ሆኖም ጦሯን በሌሊት አላስገባችም፤ በሚያዝያ ለፈራሚዎቹ መንግሥታት ሁሉ ደብዳቤ ጽፋ ውሉ እንዲሻሻል ጠየቀች። ጉባኤ ተደርጎ መተላለፊያዎቹ በሙሉ ሥልጣን ተመለሱላት።

በዚህ በጎ ታሪክ ላይ ግን አንድ ጥላ አለ። እስክንድሮና የሚባለውን፥ ቱርኮች ሐታይ የሚሉትን አውራጃ ቱርክ በ1939 ዓ. ም. የወሰደችው ሶርያን በሞግዚትነት ታስተዳድር ከነበረችው ከፈረንሳይ ጋር ተስማምታ ነው። ሶርያ ግን በነገሩ አልተጠየቀችም። በሴቭር የተበደለችው ቱርክ የሴቭርን ዓይነት ሥራ በጎረቤቷ ላይ ሠራች ማለት ነው። ሶርያ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት በካርታዋ ላይ ያን አውራጃ የራሷ አድርጋ ስትሥል የኖረችው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጥንቱ ፍርሃት ተመለሰ። በ1945 ዓ. ም. የሶቪየት መንግሥት ካርስንና አርዳሃንን፥ በመተላለፊያዎቹም የጦር ሰፈር ጠየቀ። ቱርክ እንቢ ብላ ወደ አሜሪካ ተጠጋች፤ በ1950 ዓ. ም. ጦሯን ወደ ኮርያ ላከች፤ የኛም የቃኘው ሻለቃ ጦር በሚቀጥለው ዓመት በዚያው በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ተሰልፏል። በ1952 ዓ. ም. ቱርክና ግሪክ በአንድ ቀን የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን አባሎች ሆኑ።

የሁለቱ ባልደረቦች ወዳጅነት ግን በቆጵሮስ ላይ ተሰናከለ። ደሴቲቱ በ1960 ዓ. ም. ነጻ የወጣችበት ስምምነት በ1959 ዓ. ም. በዙሪክ ከተማ በግሪክና በቱርክ ጠቅላይ ሚኒስትሮች የተሠራ ነው፤ የደሴቲቱ መሪዎች ለንደን ላይ ተጠርተው የፈረሙት አብዛኛው ነገር ካለቀ በኋላ ነበር። ሕገ መንግሥቱ ሦስት ዓመት ብቻ ቆይቶ በ1963 ዓ. ም. ግሪኮችና ቱርኮች ደም ተፋሰሱ። በሐምሌ 1974 ዓ. ም. የአቴና ወታደራዊ መንግሥት በደሴቲቱ መፈንቅለ መንግሥት አስደረገ፤ በአምስተኛው ቀን ቱርክ የዋስትና መብቷን ጠርታ ጦር አሳረፈች፥ በነሐሴም እንደ ገና ገፍታ ከደሴቲቱ ከሢሶ በላይ ያዘች። ከ150 ሺህ የማያንሱ ግሪኮች ወደ ደቡብ፥ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ቱርኮች ወደ ሰሜን ተሰደዱ። በሰሜን በ1983 ዓ. ም. የታወጀውን መንግሥት ከቱርክ በቀር ዕውቅና የሰጠው የለም።

በደቡብ ደግሞ ሁለት ነገሮች ተጠላለፉ፤ ውሃና የኩርዶች ጉዳይ። የኤፍራጥስና የጤግሮስ ምንጭ በቱርክ ተራሮች ነው። ቱርክ በ1987 ዓ. ም. ለሶርያ በሰከንድ 500 ሜትር ኩብ ውሃ እንደምትለቅ ቃል ገባች፤ በ1990 ዓ. ም. ግን የአታቱርክን ግድብ ለመሙላት ኤፍራጥስን አንድ ወር ያህል አቆመች፥ ሶርያና ኢራቅም ተቈጡ። ሶርያ በበኩሏ ከ1984 ዓ. ም. ጀምሮ ቱርክን የሚወጋውን የኩርዶች ድርጅት መሪ አስጠግታ ነበር። ነገሩ ለጦርነት ከቀረበ በኋላ በጥቅምት 1998 ዓ. ም. ሁለቱ መንግሥታት ራሳቸው በአዳና ተቀምጠው ተስማሙ፤ ያም ስምምነት ከአሥር ዓመት በላይ ሰላም አስገኘ። በ1997 ዓ. ም. ስለ ድንበር ተሻጋሪ ወንዞች በተባበሩት መንግሥታት ድምፅ ሲሰጥ ከተቃወሙት ሦስት አገሮች አንዷ ቱርክ ነበረች፤ ኢትዮጵያ ድምፅ ከመስጠት ተቈጥባለች። የራስጌ አገር ጭንቀት በአንድ አህጉር ብቻ የሚገኝ አይደለም።

በአርመን በኩል ቱርክ በካራባኽ ጦርነት ምክንያት በ1993 ዓ. ም. ድንበሯን ዘጋች። በ2009 ዓ. ም. ሁለቱ መንግሥታት በዙሪክ ድንበሩን ለመክፈት ፈርመው ነበር፤ ነገር ግን ያልተካፈለችው አዘርባይጃን ተቃወመች፥ ስምምነቱም ሳይጸድቅ ቀረ።

ከ2002 ዓ. ም. ወዲህ የመጣው መንግሥት ከጎረቤት ጋር ምንም ጠብ እንዳይኖር አደርጋለሁ ብሎ ተነሣ። በ2009 ዓ. ም. ከሶርያ ጋር ቪዛ ቀረ፤ ንግድ ሰፋ። ነገር ግን በ2011 ዓ. ም. በሶርያ ዐመፅ በተነሣ ጊዜ፥ ቱርክ የጎረቤቷን መንግሥት መለወጥ እችላለሁ ብላ ተቃዋሚዎቹን ደገፈች። ከ3 ሚሊዮን ተኩል በላይ ስደተኞች ገቡባት፤ በ2015 ዓ. ም. የሩስያን የጦር አውሮፕላን ጥላ ከሞስኮ ጋር ተጣላች፤ የኩርድ ታጣቂዎች በድንበሯ ላይ ሲደራጁ ስታይ የ1920 ዓ. ም. ፍርሃት ተቀሰቀሰባትና ከ2016 ዓ. ም. ጀምሮ ጦሯን ወደ ሶርያ አስገባች። በጥቅምት 2019 ዓ. ም. ስለ ሰሜን ሶርያ የተስማሙት የቱርክና የሩስያ መሪዎች ናቸው፤ የሶርያ ፊርማ አልነበረበትም። የአሳድ መንግሥት በታኅሣሥ 2024 ዓ. ም. ወደቀ፤ ከዚያ በፊት ግን የሁለቱም አገር ሕዝብ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ዋጋ ከፍሏል።

በአንጻሩ የሞንትረን ውል እንመልከት። ሩስያ በየካቲት 2022 ዓ. ም. በዩክሬን ላይ ጦርነት በከፈተች ጊዜ፥ ቱርክ ከ86 ዓመት በፊት የተጻፈውን 19ኛውን አንቀጽ ገልጣ መተላለፊያዎቹን ለተዋጊዎቹ የጦር መርከቦች ዘጋች። ሁለቱም ወገኖች ተቀበሉት። በሐምሌም ስለ እህል መርከቦች በኢስታንቡል ተፈራረሙ፤ አንድ ዓመት በቆየው በዚያ ስምምነት ከ30 ሚሊዮን ቶን በላይ እህል ወጣ። አንድ ወረቀት ያን ያህል ዘመን በመዝገብ ቤት ቆይቶ በጦርነት ቀን ሊሠራ የቻለው፥ በተጻፈ ጊዜ የሚመለከታቸው አብዛኞቹ ስለ ተገኙበት ነው።

እንግዲህ ያቆየነውን ነገር እናንሣ። በ1639 ዓ. ም. የተሰመረው ድንበር ጸንቷል፤ የሎዛን ድንበር ጸንቷል፤ የሞንትረ ውል ጸንቷል። በእነዚህ ሁሉ ባለ ጉዳዮቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሁለቱም ወገን አንዳንድ ነገር ትተዋል። ሐታይ፥ ቆጵሮስ፥ የአርመን ድንበር፥ ሰሜን ሶርያ ግን እንደ ገና የሚነሡ ነገሮች ሆነዋል፤ በእያንዳንዳቸውም ከጠረጴዛው የጐደለ ወይም ዘግይቶ የተጠራ ሰው እናገኛለን። ሴቭር ለቱርክ ያስተማራት ትምህርት ሁለት ፊት ነበረው። «እኔ በሌለሁበት ስለ እኔ አይወሰን» የሚለውን ፈጥና ተማረች፤ «ጎረቤቴም በሌለበት ስለ ጎረቤቴ አልወስን» የሚለውን ግን አንዳንድ ጊዜ ትረሳዋለች።

በየካቲት 2023 ዓ. ም. በደቡብ ቱርክ ታላቅ የመሬት መናወጥ ሆኖ በቱርክ ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ሰው በሞተ ጊዜ፥ ከግሪክ የነፍስ አድን ሠራተኞች መጡ፤ የአርመንም የርዳታ መኪናዎች ሠላሳ ዓመት ተዘግቶ የኖረውን የማርጋራን ድልድይ ተሻገሩ። ድልድዩ ርዳታው ካለፈ በኋላ ተመልሶ ተዘጋ። ሆኖም መኪናዎቹ ማለፍ መቻላቸው አንድ ነገር አስረድቷል፤ ድንበሩን ዘግቶ የኖረው ተራራም ወንዝም ሳይሆን የሰው ውሳኔ ነው። የሰው ውሳኔ የዘጋውን ደግሞ፥ ባለ ጉዳዮቹ ሁሉ በተገኙበት የተደረገ ሌላ ውሳኔ ሊከፍተው ይችላል።